ከቀፎ እስከ ብርሌ፦ ጠጅን ለእንግዳ የማስቀመስ ሥራና ለአዊ ያለው ፋይዳ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ እንጅባራ ከተማ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በአስፋልቱ ዳር የዘንገና ሐይቅን ያገኛል። በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ይህ ሐይቅ ዙሪያውን በዛፎች የተከበበ ሲሆን፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገርለታል። መንገደኛው መኪናውን ያቆማል፣ ቁልቁል ሐይቁን ይመለከታል፣ ፎቶግራፍ ያነሳል፣ ከዚያም ጉዞውን ይቀጥላል። ቆይታው አጭር እንደመሆኑ መጠን ለአካባቢው ነዋሪ የሚተወው ገቢም በዚያው ልክ አነስተኛ ነው።

በሌሎች አገሮች የሚገኙ አካባቢዎች ይህን መሰሉን አጭር ቆይታ ለማራዘም ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ የመጠጥ ቅምሻ ቤት ነው። ቅምሻ ቤት ማለት ጠማቂው ምርቱን ለጎብኚው በጥቂት በጥቂቱ እያቀረበ፣ ስለ ጥሬ ዕቃው፣ ስለ አዘገጃጀቱና ስለ ጣዕሙ የሚያስረዳበት ስፍራ ነው። ከተራ መጠጥ ቤት የሚለየውም በዚሁ ነው። በመጠጥ ቤት የሚሸጠው መጠጥ ሲሆን በቅምሻ ቤት ከመጠጡ ጋር ዕውቀት ይሸጣል። ጎብኚው ጥቂት ጠጥቶ ብዙ ተምሮ ይወጣል፤ ሲወጣም አብዛኛውን ጊዜ የታሸገ ጠርሙስ ገዝቶ ነው።

ለዚህ በአፍሪካ ውስጥ በአብነት የምትጠቀሰው የደቡብ አፍሪካዋ ስቴለንቦሽ ናት። እ.ኤ.አ በ1971 ሦስት ወይን ጠማቂዎች ተስማምተው ጎብኚ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የሚቀምስበትን የወይን መንገድ ጀመሩ። ጥቂት እርሻዎችን በማስተሳሰር የተጀመረው ይህ አሠራር ዛሬ የአካባቢው ዋነኛ የቱሪዝም መስህብ ለመሆን በቅቷል።

በአገራችን የወይን ጠጅ ምርት አዲስ አይደለም። በ1930ዎቹ የተመሠረተው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱሚት በተሰኙ ምርቶቹ ለረጅም ዓመታት ይታወቃል። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያም በዝዋይ አካባቢ ባለማው የወይን እርሻ እ.ኤ.አ በ2014 የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ አቅርቧል። ሁለቱም ግን ከወይን ፍሬ የሚጠምቁ ትላልቅ ፋብሪካዎች ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የምትገኘው ቀዝቃዛዋና ዝናባማዋ እንጅባራ የወይን ተክል አገር አይደለችም። የአዊ ምድር "ወይን" ማር ነው።

ይህ አባባል ከቋንቋው ጋርም የሚስማማ ነው። አማርኛ ከወይን ፍሬ የሚጠመቀውን መጠጥ "ወይን ጠጅ" ብሎ የሚጠራው ዋናውና መለኪያው ጠጅ በመሆኑ ነው። ሌላው የዓለም ክፍል ጠጅን "የማር ወይን" ሲለው፣ የእኛ ሰው ደግሞ ወይኑን "የወይን ጠጅ" ብሎታል።

የአገው ምድር ማር ዝናም ቢሆን የቆየ ነው። የዓባይን ምንጭ ለማየት እ.ኤ.አ በ1770 በዚሁ ምድር ያለፈው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ የጎንደር ከተማ ከብቷን፣ ማሯን፣ ቅቤዋን፣ ስንዴዋንና ሰሟን የምታገኘው ከአገዎች እንደነበር ጽፏል። እንደ እርሱ ዘገባ ከአንድ ሺህ እስከ አንድ ሺህ አምስት መቶ የሚደርሱ ሰዎች እነዚህን ሸቀጦች ተሸክመው በአንድ ጊዜ ወደ ከተማዋ ይተሙ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ጠጅ ከየት ማር ይጣል እንደነበር ለመገመት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የንብ ማነብ ሥራ ዛሬም በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ወረዳዎች ከእርሻና ከከብት እርባታ ጋር ጎን ለጎን የሚካሄድ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ ሜዳውንና ማሳውን የሚያለብሱት አደይ አበባ፣ መችና ኑግ፣ እንዲሁም እንደ ግራዋ፣ ብሳናና ባሕር ዛፍ ያሉት ተክሎች ለንቦች ቀለብ ናቸው። ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ሲሆን፣ በአንዳንድ አካባቢዎች ከበልግ አበባ በኋላ ሁለተኛ ዙር ቆረጣ ይኖራል። ማሩ ንቧ የቀሰመችውን አበባ ተከትሎ ቀለሙም ጣዕሙም ይለያያል። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይና ጠቆር ያለ ማር የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀፎው ራሱ ልዩነት አለው። ከዘመናዊው ባለ ፍሬም ቀፎ የሚገኘው ማር ተጣርቶ ከሰሙ የተለየ በመሆኑ ለገበታና ለውጭ ገበያ ይመረጣል። ከባህላዊው ቀፎ የሚቆረጠው ማር ግን ከነሰሙ፣ ከነአበባ ዱቄቱ ስለሚመጣ ጠጅ ጣዮች ይመርጡታል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚዋ አገር ስትሆን፣ እ.ኤ.አ በ2008 ማሯን ወደ አውሮፓ ኅብረት ገበያ መላክ የሚያስችላትን ፈቃድ አግኝታለች። ይሁንና ከምርቱ አብዛኛው ወደ ውጭ አይሄድም፤ ወደ ጠጅ ጋን ይገባል እንጂ። ስለ ማር ልማት የሚያስብ ማንኛውም ኃላፊ ስለ ጠጅ ማሰብ የሚኖርበትም በዚህ ምክንያት ነው።

የጠጅ አጣጣል ሲያዩት ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ የሚሻ ሙያ ነው። በቅድሚያ ጋኑ ወይም እንስራው በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ዕቃውን ከማጽዳቱም በላይ ለጠጁ ልዩ ቃና ይሰጠዋል። ከዚያም ማሩ በውሃ ይበጠበጣል። መጠኑ እንደ ባለሙያዋ ልማድ የሚለያይ ቢሆንም፣ ለአንድ እጅ ማር ከሁለት እስከ አምስት እጅ ውሃ ይገባል። ብጥብጡ በጨርቅ ተከድኖ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት ከቆየ በኋላ በላዩ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል።

ቀጥሎ የጌሾው ተራ ነው። ለጠላ በአብዛኛው የጌሾው ቅጠል ሲያገለግል፣ ለጠጅ የሚመረጠው እንጨቱ ነው። ጌሾው ከብጥብጡ ጥቂት ተቀንሶ አብሮት ከተቀቀለ በኋላ ተመልሶ ይጨመራል። ምሬቱ የማሩን ጣፋጭነት ያርቃል፤ የማይፈለጉ ረቂቅ ተሕዋስያንንም ይገታል። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው ግን ጌሾው ሳይሆን ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው ጋር የሚመጣው እርሾ ነው። ይህ ሂደት በሞቃት ቦታ በአምስት ቀናት ገደማ ሊጠናቀቅ ሲችል፣ በቀዝቃዛ ቦታ ከአስራ አምስት እስከ ሃያ ቀናት ይወስዳል። እንደ እንጅባራ ባለ ደጋማ ከተማ ጠጅ የሚጥል ሰው መቸኮል የማይችለውም ለዚህ ነው። በመጨረሻም ጠጁ በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ይቀርባል።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" የሚለው ብሂል ለጠጅ ሥራ በቀጥታ ይሠራል። ከጋኑ ውስጥ ብዙውን ድርሻ የሚይዘው ውሃ በመሆኑ፣ ያልተጣራ ውሃ ምርጡን ማር ሳይቀር ያበላሻል። አንድ ጠጅ ቤት ለጎብኚ ብቁ መሆን አለመሆኑ ሲመዘን የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት የውሃው ምንጭ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጠጡ ኃይል ነው። በአዲስ አበባ ከሚገኙ ጠጅ ቤቶች በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2001 የታተመ ጥናት፣ የጠጁ የአልኮል መጠን ከ3 በመቶ በታች ጀምሮ ከ20 በመቶ በላይ እስከሚሆን ድረስ እንደሚለያይ አሳይቷል። ይህ ማለት "ጠጅ" የሚለው አንድ ስም ከቢራ የቀለለውንም፣ ከወይን ጠጅ የከበደውንም መጠጥ ይሸፍናል ማለት ነው። ነዋሪው ጠጅ ቤቱን ስለሚያውቅ የሚጠጣውን ያውቃል። ለቦታው አዲስ የሆነ እንግዳ ግን በጣዕሙ ጣፋጭነት ተታሎ ከአቅሙ በላይ ሊጠጣ ይችላል።

ይህን ችግር የፈታ የሌላ አገር ተሞክሮ አለ። በማር መጠጧ የምትታወቀው ፖላንድ መጠጡን በማርና በውሃው መጠን በአራት ደረጃ ትከፍለዋለች። ከፍተኛው ደረጃ ለአንድ እጅ ማር ግማሽ እጅ ውሃ ብቻ የሚገባበት ሲሆን፣ ቀጥሎ አንድ ለአንድ፣ አንድ ለሁለትና አንድ ለሦስት ይሆናል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ መጠሪያ አለው። እ.ኤ.አ በ2008 አራቱም መጠሪያዎች በአውሮፓ ኅብረት የባህላዊ ምርት ጥበቃ አግኝተዋል። ገዢው ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም በማንበብ ብቻ ምን እንደያዘ ያውቃል። የእኛ ጠጅ ጣዮችም በቃል የሚያውቁትን መጠን በጽሑፍ ቢያሰፍሩ ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት የሚያግዳቸው ነገር አይኖርም።

ቅምሻው ራሱ ሥርዓት አለው። በአንድ ጊዜ የሚቀርበው መጠን ከግማሽ ስኒ የማይበልጥ ሲሆን፣ ቅደም ተከተሉም ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ጣፋጭነቱ ካነሰው ወደ በዛው ይሆናል። ጎብኚው በመጀመሪያ ቀለሙንና ጥራቱን ያያል፣ ቀጥሎ ያሸታል፣ ከዚያም ጥቂት ተጎንጭቶ በአፉ ውስጥ ያቆየዋል። በአንዱና በሌላው መካከል ውሃና ምንም ያልተቀባ ዳቦ ይቀርባል። መዋጥ ለማይፈልግ መትፊያ ዕቃ ይዘጋጃል። ለጠጅ ሲሆን ደግሞ ከመጠጡ አስቀድሞ ማሩን ማስቀመስ ይቻላል። ጎብኚው በመጀመሪያ የአበባውን ማር፣ ቀጥሎ ከዚያው ማር የተበጠበጠውን ብርዝ፣ በመጨረሻም ጠጁን ቢቀምስ፣ ማሩ ደረጃ በደረጃ ወደ ጠጅ ሲለወጥ በምላሱ ይከታተላል። ይህን ዓይነቱን ትምህርት የወይን ቅምሻ ቤቶች እንኳ በቀላሉ ሊሰጡት አይችሉም።

ማስቀመስ ለኢትዮጵያውያን ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። በቀድሞ ዘመን በመኳንንት ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይጠጣ ነበር። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ "ይህን መጠጥ እኔ ቀምሼዋለሁ፤ አይጎዳህም" ማለት ነው። የቅምሻው መሠረት እምነት ነበር። የዛሬው ጎብኚ የሚፈልገውም ይህንኑ እምነት ነው።

በአገሪቱ ከተሞች በተለመደው ጠጅ ቤት ጎብኚ የሚያገኘው መስተንግዶ ግን ከዚህ ይለያል። አግዳሚ ወንበር፣ በብርሌ የሚቀዳ ጠጅ፣ ቆሎና የደንበኞች ሞቅ ያለ ጨዋታ ይጠብቁታል። አልፎ አልፎም አዝማሪ ይኖራል። ይህ በራሱ ብዙ ጎብኚዎች የሚወዱትና ሊጠበቅ የሚገባው ባህል ነው። የጎደለው ግን ማብራሪያው ነው። ማሩ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ መቼ እንደተጣለ፣ ለምን ቢጫ እንደሆነ፣ ብርሌው ሆዱ ሰፊ አንገቱ ጠባብ የሆነበት ምክንያት ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው የለም። ጋኖቹ ያሉበትን ጓዳ የሚያሳይም አይገኝም። በተጨማሪም ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና መታጠቢያ አለመኖሩ፣ ቤቱም በአመዛኙ የወንዶች መዋያ መሆኑ በተለይ ሴት ጎብኚዎችንና ቤተሰብ ይዘው የሚመጡትን ያርቃል። ጉድለቶቹ ከፍተኛ መዋዕለ ንዋይ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ትኩረትን እንጂ።

ከሁሉም የከፋው ሥጋት ማጭበርበር ነው። የማር ዋጋ እየናረ በመጣ ቁጥር በማር ፋንታ ስኳር መጨመር፣ ቀለሙንም በሰው ሠራሽ ማቅለሚያ ማስመሰል የሚቃጣቸው ወገኖች ይኖራሉ። ከስኳር የተጠመቀ መጠጥ ጠጅ ተብሎ ሲሸጥ የሚጎዳው ጠጪው ብቻ አይደለም። ንጹሕ ማር ገዝቶ የሚጥለው ጠማቂ በዋጋ ተወዳድሮ ይሸነፋል። ማሩን የሚሸጠው ገበሬም ገበያ ያጣል። "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ" እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ የተታለለ ጎብኚ ተመልሶ አይመጣም፤ ያየውንም ለሌላው ይናገራል። በአንጻሩ በሩን ከፍቶ ማሩንና ጋኑን የሚያሳይ ጠማቂ የሚደብቀው ነገር እንደሌለው በተግባር ያረጋግጣል። ከዚህ አኳያ ቅምሻ ቤት የመስተንግዶ ስፍራ ብቻ ሳይሆን ሕዝብ የሚሳተፍበት የጥራት መቆጣጠሪያም ይሆናል።

የአልኮል መጠጥ ጉዳይ ሲነሳ የኅብረተሰብ ጤና አብሮ መነሳቱ ተገቢ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ቅምሻ ቤትም ከዚህ ውጭ ሊሆን አይችልም። በዋናው አውራ ጎዳና ላይ ለሚቋቋም ቤት ደግሞ የአሽከርካሪዎች ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል። መኪና የሚነዳ ሰው ሊጠጣ አይገባውም። መፍትሔው ከባህሉ ውስጥ ይገኛል። ሳይፈላ የሚቀርበው ብርዝ ለአሽከርካሪዎች፣ በሃይማኖታቸው ወይም በጤናቸው ምክንያት አልኮል ለማይጠጡ ሰዎችና ለልጆች ተስማሚ ነው። ሲያድር መፍላት ስለሚጀምር ግን በዕለቱ ተበጥብጦ በዕለቱ ማለቅ ይኖርበታል። ጠጁ የተወደደለት አሽከርካሪ የታሸገውን ገዝቶ ቤቱ ወስዶ መጠጣት ይችላል።

የሥራው ጥቅም በጠጅ ቤቱ ደጃፍ አይቆምም። ማሩን የሚያቀርበው ንብ አናቢ፣ ጌሾውን የሚያለማው ገበሬ፣ ጋኑንና እንስራውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ ሁሉም ተጠቃሚ ይሆናሉ። በእንጅባራ ዙሪያ በስፋት የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ለወንበር፣ ለጠረጴዛና ለማስታወሻ ዕቃ ይውላል። ጠጅ መጣል በአብዛኛው የሴቶች ሙያ በመሆኑም የገቢው ቀዳሚ ተጠቃሚዎች ሴቶች ናቸው። የተገፈፈው ሰፈፍ እንኳ አይጣልም። ተቅልጦና ተጣርቶ ሰም ይወጣዋል፤ ሰሙም ለጧፍ ሥራ ከማገልገሉም በላይ ለውጭ ገበያ ይቀርባል። ከየጠጅ ቤቱ የሚሰበሰበው ሰፈፍ የአገሪቱ የሰም ንግድ አንዱ ምንጭ ነው።

አዊ የገቢ ምንጩን ማስፋት እንዳለበት የሚያስገነዝብ የቅርብ ጊዜ ትምህርትም አለ። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች የሚገኙ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ ለከሰል በማልማት ሕይወታቸውን ለውጠው ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉን የሚያጠቃ የዋግ በሽታ ተከስቶ ብዙዎችን ለጉዳት ዳርጓል። በአንድ ምርት ላይ ብቻ መደገፍ የሚያስከትለውን አደጋ ገበሬው በራሱ ማሳ ላይ አይቶታል። ማር አንዱ አማራጭ ነው። ማሩ እንዲኖር ደግሞ ንቧ መኖር አለባት። የአበባ ሽፋኑ ከተመናመነና የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ኬሚካሎች ርጭት ያለ ጥንቃቄ ከተካሄደ ቀፎው ባዶ ይሆናል። ስለሆነም ርጭቱ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ወይም ንቦች ወደ ቀፏቸው በሚገቡበት የምሽት ሰዓት እንዲሆን ገበሬውን ማስተማር የግብርና ባለሙያዎች ድርሻ ነው።

ጊዜውም ከምርቱ ጋር የሚጣጣም ነው። በኅዳር የተቆረጠ ማር በታኅሣሥ ከተጣለ ጠጁ ለጥር ይደርሳል። ጥር 23 ቀን ደግሞ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን በእንጅባራ የሚያከብርበት ዕለት ነው። በዓድዋና በሌሎች አውደ ግንባሮች ፈረሶች የከፈሉትን መሥዋዕትነት የሚዘክረው ይህ በዓል በርካታ እንግዶችን ወደ ከተማዋ ይስባል። በበዓሉ ሰሞን የሚከፈት ቅምሻ ቤት ገበያ ፍለጋ አይንከራተትም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚዘልቀው መንገድ በተጨማሪ ወደ ቻግኒና መተከል የሚያመራው መንገድ መገንጠያ መሆኗም ዓመቱን ሙሉ መንገደኛ እንዳይጠፋት ያደርጋል።

እርግጥ ነው፣ የጎብኚ ፍሰት ያለ ሰላም አይታሰብም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው የጸጥታ ችግር የክልሉን የቱሪዝም እንቅስቃሴ ክፉኛ ጎድቶታል። ያም ሆኖ የማር ጥራትን ማሻሻል፣ ጠጅ ጣዮችን ማሠልጠንና ውሃን ማጣራት ጎብኚ እስኪመጣ የሚጠበቅባቸው ሥራዎች አይደሉም። ጥቅማቸው ዛሬውኑ ለሚጠጣው ነዋሪም ነው።

ለሥራው ተፈጻሚነት የየመሥሪያ ቤቱ ድርሻ የተለየ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የማሩን ምንጭና ጥራት፣ የጤና ጽሕፈት ቤቶች የውሃውንና የንጽሕናውን ሁኔታ፣ የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ፈቃዱንና የዋጋውን ግልጽነት፣ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች የአስረጂዎችን ሥልጠና ቢይዙ ሥራው ባለቤት ያገኛል። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም የአልኮል መጠንንና የማርን ንጽሕና በመለካት ሊያግዝ ይችላል። ለጅምሩ የሚያስፈልገው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። አንድ ንጹሕ ክፍል፣ ሦስት ዓይነት ማር፣ ሁለት ጋን ጠጅ፣ አንድ ማሰሮ ብርዝ፣ በግልጽ የተጻፈ የዋጋ ዝርዝርና ሙያዋን አክብራ የምታስረዳ አንዲት ጠጅ ጣይ ይበቃሉ።

ያ በዘንገና ዳር መኪናውን ያቆመ መንገደኛ ያን ጊዜ ፎቶግራፉን አንስቶ ብቻ አይሄድም። ሰዓት ያህል ይቆያል፣ የአዊን አበባ በምላሱ ያውቃል፣ ስሙና የተጣለበት ቀን የተጻፈበት ጠርሙስም ይዞ ይመለሳል። በጎንደር ዘመን ማሩ በሰው ጫንቃ ተጭኖ ወደ እንግዳው ይሄድ ነበር፤ አሁን እንግዳው ራሱ ወደ ማሩ የሚመጣበትን መንገድ ማመቻቸት ይቻላል።